አይሪሽ ብቻ፣ እባክሽ

«ቲጂ፣ አንቺ አላበድሽም፤ ሰው ጠልተሽ ነው» አሉኝ እትዬ ዘውዴ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ባለጉዳይ በሞላው ቤት ውስጥ። «ሰው የጠላ ነው ማንም የማይሰማውን ቋንቋ የሚማር። ባሏ ያኮረፋት ሴት እንኳ ከግድግዳ ጋር ታወራለች እንጂ ከአየርላንድ ጋር አታወራም!»

ባለጉዳዮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እትዬ ዘውዴ አሠሪዬ ናቸው፤ ምላሳቸው ምላጭ ነው፤ ውሸት ግን አያውቁም። ይህን ያሉኝ ሰኞ ከሰዓት ነበር። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በማግስቱ ጠዋት ነው።

በቅድሚያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ልደታ ፍርድ ቤቱ ጀርባ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ። ሰው ቆሞ ችግሩን ይነግረኛል፤ እኔ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ብዬ እጀምራለሁ። የባልና ሚስት ፀብ፣ የቤት ክርክር፣ የወንድማማች ክስ፣ ይግባኝ፣ እግድ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፈተናው ጥሎኛል፤ እንደ ብዙው ሰው። ትዕግስት ብለው ስም ያወጡልኝ ወላጆቼ ምን አይተው እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ወንበር ላይ ረግቼ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። አረብኛ ጀምሬ ትቻለሁ። ኮሪያኛ ጀምሬ ትቻለሁ። ፀጉር ሥራም ጀምሬ ትቻለሁ። ያልተውኩት አይሪሽን ብቻ ነው።

አይሪሽ የአየርላንድ ሰዎች የጥንት ቋንቋቸው ነው። ዛሬ አብዛኞቹ የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው፤ አይሪሹን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ባሕሩ ዳር ባሉ ጥቂት መንደሮች የቀሩ ሰዎች ናቸው። በኢንተርኔት ግን የቋንቋው ተናጋሪዎችና ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት ቡድን አለ። እኔ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነበር ስልኬ ላይ መፈለግ የጀመርኩት። እንግሊዝኛ የሚለማመዱባቸው ቡድኖች ውስጥ ገና ሄሎ ሳልል «ፎቶ ላኪ» ይሉኛል። አንድ ቀን እጄ ስቶ አይሪሾቹ ጋ ገባሁ። ድምፅና ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ፎቶ የጠየቀኝ የለም። አንዷ ያለችውን ደግሜ አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የምሬን ነው፣ ጭብጨባ ሰማሁ። እኔ ጌጃ ሰፈር ተወልጄ ሳድግ ሰው ያጨበጨበልኝ ቀን ትዝ አይለኝም። በዚያው ቀረሁ።

ቡድኑ ሕግ አለው። አይሪሽ ብቻ። ቃል ቢጠፋሽ ዙሪያውን ዞረሽ አስረጂ፣ ካልሆነም ዝም በይ፤ እንግሊዝኛ ግን አይነካም። የምንጽፍበትን ክፍል የሚጠብቅ ሮቦት አለ፤ እንግሊዝኛ ካየ ጽሑፉን ይደመስስና ጸሐፊውን ለአንድ ሰዓት ያግዳል። እውነተኛ ስም መናገርም፣ የት ትኖራለህ ብሎ መጠየቅም ክልክል ነው። አንዲትን አባል በራፏ ድረስ ሄዶ ያስቸገራት ሰው ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሁሉም በቅጽል ስም ነው የሚጠራው። እዚህ በአማርኛ ልጻፋቸው። እኔ ወፍ ነኝ። የቡድኑ ኃላፊ ሻማ ትባላለች። ደመና የምትባል ጃፓን ያለች የቤት እመቤት አለች።

ደግሞ «የጠዋት ወሬ» የሚሉት ልማድ አላቸው። ጠዋት የተነሳ ሁሉ ስለ ሌላው አባል አጭር የፈጠራ ወሬ ይጽፋል። ሻማ ዳቦ ሰርቃ ታሰረች። ደመና ከፈረስ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ወፍ ከንጉሥ ልጅ ጋር ኮበለለች። አደጋው ሲበዛ ወሬው ይጥማል። ሌላው ይስቃል፣ ያርማል፣ ልብ ይለጥፍበታል።

ሸርጣን ደግሞ ሽማግሌው ነው። ባሕር ዳር ብቻውን የሚኖር ዓሣ አጥማጅ የነበረ ሰው፤ ቋንቋውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱ የተማረ። እኛ ጋ ጠዋት ሥራ ሲጀመር እነሱ ጋ ገና ጎህ ነው፤ ሌሎቹ ተኝተው እኛ ሁለታችን ብቻ የድምፅ ክፍሉ ውስጥ እንገናኛለን። እሱ ዓሣውን እየጠበሰ፣ እኔ ሱቁን እየጠረግኩ። አይሪሽ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እለው ነበር። ባሕሩን ይሰድባል፣ ወፎቹን ይሰድባል፣ ስድቦቹን አንድ በአንድ ያስጠናኛል። አንድ ጊዜ በስልኬ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ሰምቶ፣

«ያ ሰው ምንድን ነው የሚሸጠው?» አለኝ።

«መንገድ።»

«እኛም ጋ ድሮ እንደሱ የሚጮሁ ነበሩ፤ የሚሸጡት ዓሣ ነበር እንጂ» ብሎ ሳቀ።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ሰላምታውን እንደ ወትሮው አለኝ። ሰላምታቸው ደስ ይላል፤ አንዱ «እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን» ይላል፣ ሌላው «እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ጋር ይሁኑ» ብሎ ይመልሳል። ድምፁ ትንሽ የደከመ መሰለኝ።

«ምነው?»

«ግራ እጄ ከተነሳሁ ጀምሮ ተኝቷል። ይተኛ፤ ዕድሜ ልኩን መረብ ሲጎትት የኖረ እጅ ነው።»

መጥበሻው ይንጫጫል። እኔ መጥረጊያዬን አስቀምጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እትዬ ዘውዴ ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ገቡ፤ ጋሽ ሙላቱ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖሩ፤ ከእህታቸው ልጆች ጋር በቤት ይካሰሳሉ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ልክ ያኔ ስልኬ ውስጥ ትልቅ ኳኳታ ተሰማ። ብረት ወለል ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ከባድ ነገር ወደቀ።

«ሸርጣን?»

ውሻ ጮኸ። ከዚያ ከሩቅ ሳቅ መጣ።

«ወደቅኩ» አለኝ። «ዓሣውም ወደቀ። ውሻው እየበላው ነው፣ ይሄ ሌባ!»

«ተነሣ እንግዲህ።»

«እሺ፣ እሺ።»

ሲሞክር ሰማሁት። አንድ ነገር ተጎተተ፤ ተነፈሰ፤ እንደገና ተጎተተ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሱ ወለል ላይ። ይሰማኛል፤ እሰማዋለሁ፤ ስልኩ ጋ ግን እጁ አይደርስም።

«እግሬም ተኛ» አለ።

አክስቴን ስትሮክ ሲመታት እንደዚህ ነው የጀመራት። «ቤትህ የት ነው? የመንደሩን ስም ንገረኝ፣ ሰው ልጥራ!»

«ሕጉን ረሳሽው? ቤት አይጠየቅም» ብሎ ቀለደብኝ።

«ሕጉን ተወው!»

«ሐኪም አልፈልግም፣ ወፍዬ። ባለፈው ጊዜ መጥተው በእንግሊዝኛ እንደ ሕፃን አናገሩኝ። ‹ጎበዝ ልጅ፣ እስቲ እጅህን አንሣ!› እኔ እኮ ማዕበል ውስጥ ጀልባ የመራሁ ሰው ነኝ። ትንሽ ልረፍና እነሣለሁ።»

«እንቺ፣ ልጄ፣» አሉ ጋሽ ሙላቱ፣ ወረቀታቸውን ዘርግተው፤ «ተከሳሾች በውርስ ያላገኙትን ቤት... እያልሽ ጻፊው።»

«አንዴ፣ ጋሼ።»

«ቲጂ!» አሉ እትዬ ዘውዴ። «አየርላንድን ዝጊና ሥራ!»

«ሰው ወድቋል፣ እትዬ።»

«የት?»

«አየርላንድ።»

እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጣሪያውን አዩ። እኔ ወደ ስልኩ ዞርኩ። «ሸርጣን፣ ለኔ ስትል፣ ቤትህ የት እንደሆነ ንገረኝ።»

በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ሊነግረኝ ፈለገ፤ ፍርሃቱ ከድምፁ ይታወቅ ነበር። ምላሱ ግን ታሰረ። የሆነ ድምፅ አወጣ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ። ቃል አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ታገለ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥርት ብሎ ወጣለት።

«እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።»

«እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ጋር ይሁኑ። ቤትህ የት ነው?»

«እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።»

ሌላው ሁሉ ጠፍቶበት ሰላምታው ብቻ ነበር የቀረለት።

የጽሑፉን ክፍል ከፈትኩና በአይሪሽ ጻፍኩ። «ሸርጣን ቤቱ ውስጥ ወደቀ። መነሳት አይችልም። መናገር አይችልም። ሐኪም ጥሩለት፣ ቶሎ!» ጥቂት ሰዎች ነቅተው ነበር። ወዲያው ልብ ተለጠፈልኝ። ከዚያ ሌላ ልብ። አንዱ «ምስኪን ሸርጣን! ማን ገፈተረው?» ብሎ ጻፈ። አንዷ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገሬን አስተካክላ «በጣም ተሻሽለሻል፣ ወፍ፤ የዛሬው ወሬ ካንቺ ነው» አለችኝ።

«ወሬ አይደለም! እውነት ነው!» ብዬ ጻፍኩ።

«ሃሃ፣ እውነት ነው ማለትሽ ይበልጥ ጥሩ አደረገው» አለኝ ያ ሰውዬ።

ትዕግስት የለኝም ብያችኋለሁ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ በትልልቅ ፊደል፣ ጨዋታ አይደለም፣ ሰው እየሞተ ነው ብዬ። ገና ጣቴን ሳላነሣ ጽሑፉ ጠፋ። ሮቦቱ በላው። በምትኩ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ሕግ ስለጣስሽ ለአንድ ሰዓት ታግደሻል፤ ከድምፅ ክፍሉ ከወጣሽም እስከዚያ ድረስ አትመለሽም ይላል።

ማለት፣ መጻፍ አልችልም። ከመስመሩ ከወጣሁ ደግሞ እሱን ዳግም አላገኘውም።

«እትዬ፣ ስልክዎን ይስጡኝ!» አልኩ። ጮኼ ይሆናል፤ ኮፒ የሚያስደርጉት ሁሉ ዞሩ።

«ምን ልታደርጊ?»

«ፖሊስ ልጠራ።»

«የት አገር ፖሊስ?»

«የአየርላንድ!»

እትዬ ዘውዴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቴን አዩና ዘጉት። ስልካቸውን ሰጡኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጌ በምዕራቡ ባሕር ዳር ያለ የአንድ ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር አገኘሁ። ደወለ። አንድ ሰውዬ አነሣ። ከድንጋጤ የተነሣ በአይሪሽ ጀመርኩት።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ፣» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ «ከትምህርት ቤት ወዲህ ረስቼዋለሁ። በእንግሊዝኛ ንገሪኝ።»

በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነበር፤ አላፌዘብኝም።

«ሰውዬው የት ነው የሚኖረው?»

«ባሕር ዳር። ከመስኮቱ ጥቁር ድንጋይ ይታያል። ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያንም አለ።»

«እንደሱ ያለ ቦታ እኛ ጋ ብዙ ነው። ስሙ ማን ይባላል?»

ስሙ! በየጠዋቱ አብሬው ውዬ ስሙን አላውቅም።

«ሸርጣን» አልኩት።

«ምን አልሽኝ?»

የእትዬ ዘውዴ ሂሳብ አለቀና ተቋረጠ።

ከስልኬ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እንደ መጋዝ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ጋሽ ሙላቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሄ ሰው እያጣጣረ ነው» አሉ።

«እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን» አለ ሸርጣን።

«እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ጋር ይሁኑ» አልኩት።

«ምን እየተባባላችሁ ነው?» አሉኝ ጋሽ ሙላቱ። ተረጎምኩላቸው።

«ማርያም ነው ያልሽው? እመቤታችን?»

«አዎ።»

«የኛ ሰው ነዋ!» ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። «በይ፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፤ እዚሁ ሆኜ ልለምንለት።»

«አላውቀውም፣ ጋሼ።»

«የዓለም ስሙንስ?»

«እሱንም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

«ሸርጣን።»

«እንዴት? የባሕሩ... ያ በጎን የሚሄደው?» ጋሽ ሙላቱ በጣም አዘኑ። «ልጄ፣ እንዲህ ተብሎ ሰማይ ቤት አይደረስም እኮ።» ቢሆንም ቆሙ። ከናፍራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን ብለው እንደጠሩት አልሰማሁም።

ያኔ የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ቅጭል የሚል ደወል ሰማሁ። ሰው ገባ! ደመና ናት፤ ጃፓን ያለችው። እሷ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው።

«እንደምን አደራችሁ፣ ወዳጆች» አለች በአይሪሽ፣ በዚያ ቀስ ባለ አነጋገሯ።

«ደመና!» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ስሚኝ፣ ሸርጣን እየሞተ ነው፣ ሻማን ቀስቅሺ!»

በጣም በትሕትና፣ በአይሪሽ፣ «አይሪሽ ብቻ፣ እባክሽ» አለችኝ።

እመኑኝ፣ ይህች ሴት ክፉ አይደለችም። ሕጉን የምታከብር ሰው ናት። እኔም በሌላ ቀን ብሆን እንደሷ ነበር የምለው፤ ለስንት ጀማሪ ብያለሁ። ጥርሴን ነክሼ በአይሪሽ ደገምኩላት።

«እንዴት ያለ የሚያስፈራ ወሬ ነው!» አለችና ሳቀች። «ግን የጠዋት ወሬ በጽሑፉ ክፍል ነው።»

«ዝም በይና አድምጪ!» አልኳት። ይህ ዓረፍተ ነገር ጨዋነት የለውም፤ ሸርጣን ነበር ያስተማረኝ። ስልኩን ወደ ጆሮዋ ማስጠጋት የምችል ይመስል ወደ ፊት ገፋሁት። እኛ ዝም አልን። ትንፋሹ መጣ። ቆመ። ቆይቶ መጣ። ውሻው አለቀሰ።

ደመና በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። ከዚያ ሕጉን ራሷ ጥሳ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ለሻማ እደውላለሁ፤ እስክትነቃ እደውላለሁ» ብላ ወጣች።

ሻማ አድራሻውን ታውቅ ነበር፤ ለገና በዓል የሱፍ ካልሲ ልካለት ስለነበረ። ከቡድኑ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። እኔ ይህን ያኔ አላውቅም። ያኔ የማውቀው መጠበቅን ነው፤ ከሥራ ሁሉ የማልችለውን።

«እዚህ ነኝ» እለዋለሁ። በአይሪሽ «ታ ሜ አንሾ» ነው። «ታ ሜ አንሾ። አልሄድም። ሰው እየመጣ ነው፤ እስኪደርሱ አልሄድም።» ሌላ የምለው ሲጠፋኝ የማየውን ነገርኩት። ጥቁር ካባ የለበሱ ጠበቆች ኩሬ እየዘለሉ ነው አልኩት። አጠገቤ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ቆመው እየጸለዩልህ ነው አልኩት። አንዲት ኃይለኛ ሴት አለች፣ ዛሬ ግን አፏን ዘግታለች አልኩት። የሚሰማኝ መሰለኝ፤ ትንፋሹ ትንሽ ረጋ አለ።

እትዬ ዘውዴ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥተው እጄ ላይ አስያዙኝ። በሩ ላይ ቆመው የሚመጣውን ባለጉዳይ «ዛሬ ማሽን ተበላሽቷል» እያሉ ይመልሱ ጀመር።

መብራት ሄደ።

የኮፒ ማሽኑ ድምፅ እየሟሸሸ ቆመ። የቤቱ ኢንተርኔት አብሮ ጠፋ። ስልኬ በራሱ ካርድ ለመያያዝ ሞከረ፤ ክቧ ዞረች፣ ዞረች። «ታ ሜ አንሾ!» እያልኩ ነበር። ክቧ ቆመችና ያ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ታግደሻል። መግባት አትችይም።

አልሄድም ባልኩበት አፌ ሄድኩ።

እገዳው እስኪያልቅ ጋሽ ሙላቱ አጠገቤ ተቀመጡ። ክሳቸውን አላነሡም። አንድ ጊዜ ብቻ «ውሻው አለ፤ ብቻውን አይደለም» አሉኝ። ስገባ ክፍሉ ውስጥ የሸርጣን ስም ገና በርቶ ነበር። ጠራሁት። ትንፋሽ የለም፤ ውሻም የለም፤ የባሕር ድምፅ ብቻ። በሩ ተከፍቶ መሆን አለበት።

ከሰዓት በኋላ ሻማ ጻፈችልኝ። አምቡላንሱ በሕይወት አግኝቶታል። ሆስፒታል ገብቷል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ኖረ። ሻማ ሄዳ ጠይቃዋለች፤ ለገባው ነርስ ሁሉ «እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን» ይላል፤ የሚመልስለት ግን አልነበረም፤ ተረኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ከዚያ ሰላምታውም ቀረ። ከዚያ ሞተ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» ብሏታል። ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ምን ቀየረብሽ ትሉኝ ይሆናል፣ አንባቢዎቼ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ብርሃን ያሳያል፤ እኔ ጋ የለም። ጌጃ ሰፈር ሳለን ጎረቤታችን ማታ ሲያስል በግድግዳው እንሰማው ነበር፤ ሳሉ ሲለወጥ እናቴ በሩን ታንኳኳ ነበር፤ አልከፍትም ቢል በዘበኛ ታስከፍተው ነበር። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ፊት ለፊታችን ያለው በር የማን እንደሆነ አላውቅም። ከሸርጣን በኋላ አንድ ቀን አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ሰንሰለቱን ሳትፈታ በቀዳዳው አየችኝ። «ጎረቤት ነኝ፤ ስምሽን ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አልኳት። «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ። ብትሞቺ ለመጥራት እንዲመቸኝ ይባላል? ዘጋችው። አልፈርድባትም። እናንተም ይህን አንብባችሁ ለሚቀጥለው ሁለት ቀን የሰው ስም ትጠይቁ ይሆናል፤ ከዚያ ትተዉታላችሁ። እኔ ራሴ ትቼዋለሁ። ብቻ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ የሚሰማ ድምፅ ሰው ያለሽ ያስመስልሻል። አንቺም ለሱ እንዳለሽለት ያስመስልሻል። መብራት እስኪሄድ ነው።

የቀብሩ ሰሞን ቡድኑ እሑድ ከሰዓት መታሰቢያ አደረገለት። የድምፅ ክፍሉ ሞልቶ አያውቅም እንደዚያን ቀን። ሁሉም በአይሪሽ ተናገረ፤ እንዴት ያማረ አይሪሽ! እውነተኛ ስሙን ያኔ ሰማሁት። ለጋሽ ሙላቱ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ሻማ ስታለቅስ ሁሉም አለቀሰ። ከዚያ «ወፍ፣ አንቺስ?» አለችኝ።

«ንግግር የለኝም» አልኩ። «ሐሳብ ነው ያለኝ። ሰው አደጋ ላይ ሲሆን በፈለገው ቋንቋ ይጻፍ፤ ሮቦቱ አይደምስስ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሁሉ ደግሞ ስማቸውንና ቤታቸውን ለአንድ ሰው ይንገሩ። ይኸው ነው።»

ሻማ ሌሎቹ ሐሳብ እንዲሰጡ ጠየቀች።

«ልብ የሚነካ ሐሳብ ነው» አለ አንዱ። «ግን በሩን አንዴ በትንሹ ከከፈትነው ነገ ሁሉም ነገር አደጋ ይሆናል። ይህ ቋንቋ የቀረው እንዲህ አጥብቀን ስለያዝነው ነው።»

«ሸርጣን ራሱ እንግሊዝኛ እንዲገባ አይፈልግም ነበር» አለች ሌላዋ። ይህ እውነት ነው። እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

«ደመና፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኩ። እሷ ሰምታዋለች።

«እኔ እንግዳ ነኝ» አለች ደመና። «የቤቱ ሰዎች ይወስኑ።»

ድምፅ ተሰጠ። ሕጉ ባለበት ጸና። ሻማ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ «ወፍ፣ እንደማትቀየሚን ተስፋ አለኝ» አለችኝ። «ደግሞ ዛሬ እንዴት አማረ አነጋገርሽ! አንድም ስህተት አልሰማሁም።»

አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

በአማርኛ «በሉ ደህና ሁኑ» አልኩና ከክፍሉ ወጣሁ።